ከማይጨው ዳገት እስከ ፈረንሣይ ጎዳና

ሐዋሳ ለብስክሌት የተመቸች ከተማ ናት። ከፒያሳ እስከ አቶቴ፣ ከታቦር ተራራ ሥር እስከ ሐይቁ ዳር መንገዱ ሜዳ ነው። የዕድሜ እኩዮቼ እንደሚያስታውሱት ባጃጅ ከተማውን ከመሙላቱ በፊት መምህሩም፣ ነርሱም፣ ዳቦ አከፋፋዩም መጓጓዣው ብስክሌት ነበር። ዛሬም ቅዳሜና እሁድ ወደ ፍቅር ሐይቅ ብቅ ያለ ሰው፣ በኪራይ ብስክሌት የሚወዳደሩ ልጆች ሳያጋጥሙት አይመለስም። አብዛኞቹ የኪራይ ሰዓታቸው ሲያበቃ ብስክሌቱን መልሰው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ጥቂቶቹ ግን ነገሩ ከጨዋታ ያልፍባቸዋል።

ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ዕድሜው 15 ዓመት ሆኖታል። አጎቱ ያገለገለ የውድድር ብስክሌት ከገዛለት ወዲህ ጎህ ሳይቀድ ይነሳና ሻሸመኔ ደርሶ ይመለሳል፤ ደርሶ መልሱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቅርቡ ደግሞ ለእናቱ "ትምህርቱን ትቼ በብስክሌቱ ልግፋበት" ብሏታል። እሷም ሰሞኑን ቡና ላይ፣ "ጋሼ፣ ሩጫ ቢሆን እሺ ባልኩ፤ ሩጫ የት እንደሚያደርስ በኃይሌ አይቼዋለሁ። ይሄ ብስክሌት ግን ሰውን የት ያደርሰዋል?" አለችኝ።

ጥያቄዋ የብዙ ወላጅና አያት ጥያቄ ስለሆነ እዚህ ልመልሰው ወደድኩ። ምክሩን ለመጨረሻ አቆይቼ መልሱን በአንድ ኢትዮጵያዊ ሕይወት እጀምራለሁ፤ ጽጋቡ ግርማይ ይባላል።

ከአበበ ቢቂላ በፊት

ወደ ጽጋቡ ከመሄዴ በፊት አንድ የተዘነጋ ታሪክ ላንሳ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን፣ አውስትራሊያ ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ ማሞ ወልዴን የመሰሉ ሯጮች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ ብስክሌተኞች አብረው ተጉዘዋል። ከብስክሌተኞቹ አንዱ ገረመው ደንቦባ ሲሆን፣ ከአራት ዓመት በኋላም በሮም ኦሊምፒክ ተወዳድሯል። ሮም፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈባት ከተማ ናት። እንግዲህ አበበ ኦሊምፒክ ከመርገጡ አራት ዓመት አስቀድሞ የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች እዚያ ደርሰዋል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሩጫው ገሰገሰ፤ ብስክሌቱ ወደ ኋላ ቀረ። ምክንያቱ ብዙም አይሰወርም። ለሩጫ እግርና ሜዳ ይበቃል፤ ጫማው እንኳ ቆይቶ ሊገኝ ይችላል። ለብስክሌት ግን ገና ከመነሻው ብስክሌቱ ያስፈልጋል። ከዚያ ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ ካቴና፣ ፍሬን፣ ሁሉም ያልቃል፤ ሁሉም ይገዛል። የውድድር ብስክሌት ክፍሎች ከውጭ ስለሚመጡ በውጭ ምንዛሪ ይታሰባሉ። የድሃ ልጅ በሩጫ ዓለምን ሲያስደንቅ በብስክሌት ግን ስሙ የማይነሳው አቅም ስለሚያንሰው አይመስለኝም።

የማይጨው ልጅ

ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1991፣ በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 1983 ዓ.ም.፣ በደቡብ ትግራይ በማይጨው ከተማ ተወለደ። ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ማይጨውን በመኪና ያለፈ ሰው መንገዱን አይረሳውም። ከአላማጣ ሲነሱ የግራት ካሕሱ ጠመዝማዛ ዳገት አለ፤ ከማይጨው ወደ መቀሌ ሲያመሩ ደግሞ የአላጄ ተራራ ይጠብቃል። እዚያ አገር ብስክሌት የሚጋልብ ልጅ ሳንባውን የሚገነባው ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ባለ አየር ውስጥ፣ ሽቅብ እየተነፈሰ ነው።

ትግራይ የኢትዮጵያ ብስክሌት ማዕከል ሆና ቆይታለች። ክለቦች ነበሩ፤ እንደ ትራንስ ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች ብስክሌተኛ ቀጥረው ደመወዝ ይከፍሉ ነበር። ሕዝቡም እሁድ ጠዋት መንገድ ዳር ተሰልፎ ውድድር ያያል። ይህን የምለው ለወላጆች የሚጠቅም ቁም ነገር ስላለበት ነው፤ ብርቱ ልጅ በየትም ይወለዳል፤ የሚያድገው ግን የሚያሠለጥነው፣ የሚያወዳድረውና የሚያጨበጭብለት ሰው ባለበት ነው።

ጽጋቡ በአገር ውስጥ ውድድሮች ከታየ በኋላ የዓለም አቀፉ ብስክሌት ኅብረት ለአፍሪካ ወጣቶች በደቡብ አፍሪካ ባቋቋመው ማዕከል ሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ2012፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ ኤምቲኤን-ኩቤካ በተባለው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ተቀጠረ። ኩቤካ በመጀመሪያ ለገጠር ልጆች ብስክሌት የሚሰጥ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስም ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት በእግራቸው ሲንከራተቱ እንዳይውሉ የተጀመረ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም የብስክሌት ቡድኖች የመጨረሻው እርከን ላይ ወደሚገኘው የጣሊያኑ ላምፕሬ-ሜሪዳ ተዛወረ። ከዚያ በ2017 ባህሬን-ሜሪዳ፣ በ2018 ትሬክ-ሴጋፍሬዶ፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የአውስትራሊያው ሚቸልተን-ስኮት ቀጠሩት። በእነዚህ ዓመታት በአገር አቀፍ ሻምፒዮና በጎዳና ውድድርና በክሮኖ በተደጋጋሚ አሸንፏል፤ በሪዮ ኦሊምፒክም የኢትዮጵያን መለያ ለብሷል። ስሙ በታሪክ የተጻፈው ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ነው፤ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ቱር ደ ፍራንስ ምን ያህል ነው?

ለብስክሌት እንግዳ ለሆነ አያት በእኛው መንገድ ላስረዳ። የዚያ ዓመት ውድድር በጠቅላላው ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ስድስት ጊዜ ደርሰው ቢመለሱ እንኳ ይህን ያህል አይሆንም። ይህ ሁሉ በ21 ቀን ውድድር ይሸፈናል፤ እረፍቱ ሁለት ቀን ብቻ ነው። አንዳንዱ ቀን 200 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ጠዋት ከሐዋሳ ተነስቶ በፔዳል ሞጆ እንደመግባት ነው። የአሸናፊዎቹ አማካይ ፍጥነት በሰዓት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የአልፕስና የፒሬኔ ተራሮች ደግሞ በየመሐሉ አሉ።

በ2016 ከመነሻው 198 ብስክሌተኞች በ22 ቡድን ተሰልፈው ነበር፤ በየቡድኑ ዘጠኝ ዘጠኝ። አሸናፊው ኬንያ የተወለደው እንግሊዛዊ ክሪስ ፍሩም ነው። ኢትዮጵያ አንድ ልጅ ብቻ ነበራት።

የሌላው ድል ሠራተኛ

እዚህ ላይ ነው የጎረቤቴ ጥያቄ የሚከብደው። ጽጋቡ ቱር ደ ፍራንስን አላሸነፈም። ለማሸነፍም አልተቀጠረም። ብዙ ሰው ስለማያውቀው የብስክሌት አሠራሩን ላብራራ።

የብስክሌት ዋና ጠላት ነፋስ ነው። ከፊት ያለው ሰው ነፋሱን ይሰብራል፤ ከኋላው ተጠግቶ የሚነዳው እስከ አንድ ሦስተኛ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል። ስለዚህ ቡድን አንድ መሪ ይመርጣል። ሌሎቹ በተራ ከፊቱ ሆነው ነፋስ ይመክቱለታል። ውሃ ሲያልቅ አንዱ ወደ ኋላ ቀርቶ ከቡድኑ መኪና ኮዳዎች ተቀብሎ፣ በማሊያው ውስጥ ሸጉጦ፣ እንደገና ታግሎ ወደ ፊት ይደርሳል። መሪው ጎማ ቢፈነዳበት የራሱን ጎማ ፈትቶ፣ አንዳንዴም ብስክሌቱን እንዳለ ይሰጠዋል። ተራራው ሥር ሲደርሱ ጉልበቱን ጨርሶ ገለል ይላል፤ መሪው በትኩስ እግር ይወጣል። ካሜራውም መሪውን ተከትሎ ይሄዳል።

የጽጋቡ ሥራ ይህ ነበር። በ2016 የላምፕሬ መሪ ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ሜንቺስ ሲሆን በጠቅላላ ውጤት 8ኛ ወጥቷል። ከዚያ 8ኛነት ውስጥ የማይጨው ልጅ የከፈለው ነፋስና ያመላለሰው ውሃ አለበት።

እኔን ያስገረመኝ ለዓመታት የተለያዩ ታላላቅ ቡድኖች እየተቀባበሉ መቅጠራቸው ነው። በዚያ ዓለም ኮንትራት አጭር ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ዓመት። ሥራውን ያልሠራ አይታደስለትም። ሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ በብርድና በዝናብ፣ በየዓመቱ "ይህን ሰው እንፈልገዋለን" መባል በራሱ ትልቅ ውጤት ነው። ልጆቻችንን የምናሳድገው አንደኛ እንዲወጡ ብቻ ከሆነ፣ አብዛኞቹ ተሸናፊ ሆነው ይሰማቸዋል። ታምኖ የሚቀጠር፣ የሌላውን ሸክም የሚያግዝ፣ በዚያም እንጀራውን የሚበላ ሰው ማሳደግ ግን ለየቤቱ የሚሆን ምኞት ነው።

ከእኛ ጎረቤት የመጡትም መንገዱን እያሰፉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት በቱር ደ ፍራንስ የተራራ ንጉሥ የሚለብሰውን ባለ ቀይ ነጠብጣብ ማሊያ ለበሰ። በ2024 ደግሞ የአስመራው ቢንያም ግርማይ በቱሩ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። የጽጋቡና የቢንያም የአባት ስም ስለሚመሳሰል ሰው ያምታታቸዋል፤ አንዱ የማይጨው፣ ሌላው የአስመራ ልጅ ነው። የኤርትራ ምስጢርም ሌላ አይደለም፤ ከጣሊያን ዘመን የመጣ የውድድር ባህልና መንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ ሕዝብ ነው።

ጦርነቱ የወሰደው

ይህን ታሪክ ደስ በሚለው ቦታ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ ግን ለወላጅ ሙሉውን መንገር ይሻላል። በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. የተቀሰቀሰው ጦርነት የብስክሌት ልብ የነበረችውን ትግራይን አደቀቀ። ስልክ ተቋረጠ፤ ባንክ ተዘጋ፤ ልምምድና ውድድር ቆመ። በኅዳር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት መድፉ እስኪቆም ድረስ ለውድድር ሊደርሱ የነበሩ ልጆች ዕድሜያቸው አለፈ። ስፖርተኛ የሚኖረው ጥቂት ዓመት ነው፤ ሁለት ዓመት ሲወሰድበት ማንም አይመልስለትም።

ከእነዚህ ልጆች አንዷ ኢየሩ ገብሩ ናት። ትግራይ ተወልዳ በብስክሌት ኢትዮጵያን ወክላ ስትወዳደር የነበረች ልጅ ናት። በጦርነቱ ምክንያት ፈረንሣይ ጥገኝነት ጠየቀች፤ በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ የጎዳና ውድድሩን የጀመረችው በስደተኞች ቡድን ማሊያ ነው። ያን ቀን በቴሌቪዥን ሳያት አንዲት እናት እንዴት ሆና እያየቻት ይሆን ብዬ ነበር። ልጅ ኦሊምፒክ ደርሳ የአገሯን ባንዲራ አለመያዟ የሚያስደስተውም የሚያሳዝነውም ወላጅ አለ፤ አንዳንዱ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሆናል።

እንግዲህ ልጁን ምን እንበለው?

ለጎረቤቴ ያልኳትን ለሁላችሁም ልድገመው።

አንደኛ፣ ትምህርት መተው አያስፈልግም። በዓለም አቀፉ የብስክሌት ሕግ የወጣቶች ምድብ 17 እና 18 ዓመት ነው፤ ቀጥሎ ከ23 ዓመት በታች የሚወዳደሩ አሉ። የ15 ዓመት ልጅ አልዘገየም፤ የሚያስቸኩለውም የለም። ጽጋቡ ራሱ የተቀጠረው በ20 ዓመቱ ነው። ደግሞም ውጭ የሚሄድ ብስክሌተኛ ኮንትራት ማንበብ፣ በእንግሊዝኛ ከአሠልጣኝ ጋር መነጋገር፣ የምግብና የልምምድ ቁጥሮችን ማስላት ይጠበቅበታል። ትምህርት የሌለው ልጅ እግሩ ቢያደርሰውም ወረቀቱ ያስቀረዋል።

ሁለተኛ፣ ደኅንነት። ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው መንገድ የከባድ መኪና፣ የአይሱዙና የጋሪ መንገድ ነው። ጎህ ሳይቀድ ያለ መብራት መጋለብ ጀግንነት አይደለም። ልጁ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ከሌሎች ጋር፣ ደማቅ ልብስ ለብሶ ይሂድ። ሄልሜት ሳያደርግ ከግቢ አይውጣ፤ በትልልቆቹ ውድድሮች ሚሊዮን የሚከፈላቸው እንኳ ያለ ሄልሜት እንዲጋልቡ አይፈቀድላቸውም። ሁልጊዜ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ይጨብጥ፣ ጎማውን ይጫን፣ ካቴናውን ይይ።

ሦስተኛ፣ ብስክሌቱ ለልጁ ይሁን። በዕድሜ ለሚያድግ ልጅ "ያድግበታል" ተብሎ የተገዛ ትልቅ ብስክሌት ጉልበትና ወገብ ይጎዳል። ቀላል መለኪያ አለ፦ ልጁ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዙን ፔዳሉ ላይ ያድርግ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሩ መዘርጋት አለበት። ካልተዘረጋ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ዳሌው ከወዲያ ወዲህ ከተንገዋለለ ከፍ ብሏል። ሲያድግ በየጊዜው ማስተካከል ነው።

አራተኛ፣ ምግብ። ብስክሌተኛ ባዶ ሆዱን ሁለት ሰዓት ከጋለበ በድንገት ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ያዞረዋል፤ መኪና መንገድ ላይ ደግሞ ይህ አደጋ ነው። ውድ የታሸገ ነገር አያስፈልግም። ከመውጣቱ በፊት ዳቦ በማር ወይም ገንፎ፣ በኪሱ ሙዝና ቆሎ፣ በኮዳው ውሃ ይበቃል። ሲመለስ እንጀራ በሽሮ፣ ከተገኘ እንቁላል። በጾም ወቅት ልምምዱን መቀነስ እንጂ ልጁን ማስጨነቅ አይገባም።

አምስተኛ፣ ለብቻው አይሁን። ብስክሌት የቡድን ስፖርት ነው። ብቻውን ሻሸመኔ የሚመላለስ ልጅ እግሩ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ተጠግቶ መንዳት፣ ተራ መግባት፣ ለጓደኛ ነፋስ መስበር አይማርም። በክልሉ ስፖርት ቢሮ ወይም በኢትዮጵያ ብስክሌት ፌዴሬሽን በኩል የትኛው ክለብ ልጆች እንደሚቀበል መጠየቅ ይጠቅማል። ክለብ ካልተገኘ አምስት ልጆችና አንድ ኃላፊነት የሚሰማው አዋቂ ካሉ እሁድ ጠዋት የሚሆን ቡድን ነው።

ሴቶች ልጆችንም አንርሳ። ብስክሌት ለሴት ልጅ አይሆንም የሚል ወሬ አሁንም በየቤቱ አለ። በሕክምናም በሃይማኖትም መሠረት የለውም። ኢየሩን ፓሪስ ያደረሳት ብስክሌት የእኛንም ሴቶች ልጆች ቢያንስ ትምህርት ቤት በሰዓቱ ያደርሳቸዋል።

የአያቶች ድርሻ

የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ የመጣው በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው፤ በኪጋሊ፣ ሩዋንዳ። የኪጋሊ ሕዝብ ዳገቱን ሞልቶ ሲያጨበጭብ ያየ ሰው፣ ይህ ስፖርት ለእኛ አህጉር ባዕድ ነው ሊል አይችልም። እኛ ደግሞ ከ1956ቱ ሜልቦርን ጀምሮ የምናውቀው ነው።

እንደኔ ዕድሜያችሁ የገፋ አንባቢዎች፣ ለልጅ ልጅ የውድድር ብስክሌት መግዛት አቅም ላይኖረን ይችላል። እጃችን ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ግን አለ። ካላማዳሪያ ውሃ ውስጥ ነክረን ቀዳዳውን በአረፋው ማግኘት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን ማስቲሽ ቀብተን መለጠፍ፣ የወለቀ ካቴና በአንድ እጅ መመለስ እናውቃለን። የዛሬ ልጅ ጎማው ሲተነፍስ ወደ ጎሚስታ ይሮጣል፤ ገንዘብ ከሌለው ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ይከርማል። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ጎማ ፈትታችሁ አሳዩት። ስትጨርሱ እሱ ደግሞ እንዲፈታው ስጡት፤ የራሱን ጎማ መለጠፍ የቻለ ልጅ ብስክሌቱ ቆሞ አይቀርበትም።